አርባ ቀን ሳይሞላው

ከጎጃም ከተመለስኩ ሰነባበትኩ፤ ንዴቴ ግን አሁንም አልወጣልኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከቅዳሴ ስንወጣ «አገሩ እንዴት ነበር? ይበርዳል አሉ» እያሉ ይጠይቁኛል። አዎ፣ ይበርዳል። ስለ ብርዱ ብቻ አውርቼ ልሸኛቸው ግን አልቻልኩም። አብዛኞቻቸው ያንን አገር በዕድሜያቸው አይረግጡትም፤ ስለዚህ የሆነውን ከመነሻው ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔ በሆሳዕና ዙሪያ ካቶሊኮችን ትምህርተ ክርስቶስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ማርታ አዋላጅ ነርስ ናት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ተማረች፣ ከዚያም ከይጁቤ ወጣ ባለ ገጠር ጤና ጣቢያ ተቀጥራ እዚያው ቀረች። ስትደውልልኝ ሁልጊዜ ስለ ጤንነቴ ትጠይቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሰላምታም ሳትሰጠኝ ጀመረች።

ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ጊዜዋ ሳይደርስ ወለደች። ልጁ ወንድ ነው፤ ትንፋሹ አልመጣ አለ። አምቡላንስ ተደወለ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሊደርስ አልቻለም። አማቷ ቄስ ልትጠራ ሮጠች፣ ቄሱ ቤታቸው የሉም። እናቲቱ «ክርስትና ሳይነሳ እንዳይሞትብኝ!» እያለች ስትጮህ ማርታ ውሃ ቀዳች፣ በራሱ ላይ አፈሰሰች፣ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» አለች። ልጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈ።

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ሊሞት ሲል ቄስ ከሌለ ማንም ሰው፣ ሴትም ብትሆን፣ ማጥመቅ ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ የምታስተምረው ነው። እዚያ ግን ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የሚያጠምቀውም ቄስ ነው። ሳይነሳ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፣ ፍትሐትም የለውም። ስለዚህ ልጁን ከቤታቸው ጓሮ ቀበሩት። ማርታም «የካቶሊክ ውሃ ያፈሰሰችው» ተባለች፤ ነፍሰ ጡሮቹም ይሸሿት ጀመር።

«አባዬ፣ እናቱ ልጄ ጠፋ ብላ እህል አልቀምስ ብላለች» አለችኝ። «በመጪው ቅዳሜ አርባው ነው። ያስተማርከኝ እውነት ከሆነ መጥተህ ንገራት።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማን ይቀመጣል?

ማክሰኞ

ከሆሳዕና አዲስ አበባ ያለው መንገድ ለእናንተ አዲስ አይደለምና አልፈዋለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያደርኩበት አልጋ ቤት አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ በሩ ግን አይቆለፍም። ባለቤቷ ወንበር አምጥታ «ከውስጥ ይደግፉበት» አለችኝ። ወንበሩን ደግፌ፣ ለቄሱ የምናገረውን በልቤ እየደረደርኩ ተኛሁ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ናሆም የሚባል ወጣት ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፣ ደብረ ማርቆስ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። የአገሬ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መቁጠሪያዬን ሳወጣ አየኝ።

«ጋሼ፣ ካቶሊክ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ታዲያ መቁጠሪያ በመጽሐፍ ቅዱስ የት አለ?»

ገና ከከተማው አልወጣንም እኮ! ሰው መጀመሪያ «ወዴት ነዎት? ሰላም ነው?» አይልም? ናሆም ስልኩን አወጣ። መጽሐፍ ቅዱሱ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ቃል ሲጽፉበት ያለበትን ቦታ ሁሉ ይዘረዝራል። እኛ ካቶሊኮች ነፍስ የምትነጻበት የምንለውን «መንጽሔ» ጻፈና «አዩት? የለም» አለኝ። ለሙታን መጸለይ በመቃብያን መጽሐፍ እንዳለ ብነግረው «እሱማ እናንተ የጨመራችሁት ነው» ብሎ ሳቀ። ከፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ማየት ጀመሩ።

«እስቲ ሥላሴ ብለህ ፈልግ» አልኩት።

ጻፈ። ጠበቀ። ደግሞ ጻፈ።

«ቃሉ ባይኖርም ሐሳቡ አለ» አለ።

«ለአንተ ሲሆን ሐሳቡ ይበቃል፣ ለእኔ ሲሆን ቃሉ ካልተገኘ ሞቼ እገኛለሁ ነው?»

አውቶቡሱ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የሄድኩበትን ጉዳይ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሕፃን ከመጀመሪያውም አይጠመቅም። መጀመሪያ ማመን አለበት» አለኝ።

«ይህ ልጅ ተወልዶ ፀሐይ ስትጠልቅ አላየም። መቼ ይመን?»

ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ አፈነን፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሙቀት የሚገኘው ዳቦ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ናሆም መስኮቱን ከፈተልኝ፣ ውሃውን ሰጠኝ፣ ጥላ ወዳለበት ወንበር ቀየረኝ። ሃይማኖቴን አፈር ድሜ አስግጦ ሲያበቃ እንደ አባቱ ተንከባከበኝ። እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣትም አይቻልም፤ ይህ ራሱ አናደደኝ።

ደጀን ለምሳ ቆምን። እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። አስተናጋጇ እንደ ሕመምተኛ አየችኝ።

«አባባ፣ ረቡዕ እኮ ነው።»

በእኛ ዘንድ ረቡዕ እንቁላል ይበላል። እዚህ ግን ምግብ ቤቱ ራሱ ይጾማል፤ ድስቱም ምጣዱም ይጾማል። ሽሮ አመጣችልኝ። እውነት ለመናገር፣ ከቤቴ ውጭ እንዲህ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም። ግን የራበው ሰው ያልፈለገውን ሲበላ ጣዕሙን ማመስገን ይከብደዋል።

ሐሙስ

ደብረ ማርቆስ አድሬ ጠዋት ማርታ መናኸሪያው ጋ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ስታቅፈኝ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነበር። «ትናንት ለወሊድ የመጣች ሴት ስታየኝ ተመልሳ ሄደች» አለችኝ። «በእግሯ ሌላ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ነው፣ አባዬ። በምጥ!»

በሚኒባስ ይጁቤ፣ ከይጁቤ በባጃጅ ባጃጁ እስከሚችልበት፣ ከዚያ በእግር። በእኛ አገር ቤት ከእንሰት ጀርባ ተደብቆ ነው የሚኖረው፤ አጥሩ ጋ ካልደረሱ ማን እንዳለ አይታይም። እዚህ ሁሉም ገላጣ ነው። ጤፉ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ቢጫ ሆኗል፣ ቤቶቹ መሐሉ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ዛፍ ተሰብስቦ የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ግቢው በጥድና በወይራ ተከቧል። እያየሁት ስሄድ ጥላው ሁሉ ለነማን እንደተሰጠና ለማን እንደተነፈገ አስብ ነበር።

ጭቃው የቀኝ ጫማዬን ሶል ገንጥሎ አስቀረው። አንድ እግሬን እየጎተትኩ ነው ከቤታቸው የደረስኩት። የጥሩወርቅ ባል ሙላት ገና ሰላም ሳይለኝ እግሬን አየ፣ የራሱን ቦቲ አወለቀና ከፊቴ አስቀመጠው። እምቢ ብል «ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ መሬቱን ለምጀዋለሁ» አለኝ። እናቱ እማማ ውዴ ውሃ አሙቀው መጡ፣ በርከክ ብለው እግሬን ማጠብ ጀመሩ። በሆሳዕና እንግዳ ተቀባይ ነን የምንል እኛ፣ እግር እስከ ማጠብ ደርሰን አናውቅም። እኒህ ሴት ያን ቀን ቄስ ፍለጋ የሮጡት መሆናቸውን ማርታ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ጥሩወርቅ ጥግ ተቀምጣለች። ገና ልጅ ናት። እኔን ለማክበር ብድግ አለች፣ ደግሞ ተቀመጠች። የቀረበላትን እንጀራ ጠርዙን ቆርሳ በእጇ ይዛው ቆየች፤ ወደ አፏ ሲሄድ አላየሁም።

ዓርብ

ቄስ አያሌው ከሰዓት በኋላ መጡ። ሙላት ነው የጠራልኝ። ዲማ ገዳም ብዙ ዓመት የተማሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ለሦስት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ለክፉ ሰው የሚሆን ነበር፤ ሰውዬው ግን መንገዱ እንዴት እንደነበረ፣ ጫማዬ ምን እንደደረሰበት ጠየቁኝ። ቢሆንም አልተውኳቸውም።

«አባ፣ ይህ ሕፃን ክርስቲያን ነው። በሥላሴ ስም ተጠምቋል። ለምን ከግቢው ውጭ አስቀራችሁት?»

«መምህር፣ የልጅዎን ደግነት አልነቅፍም። ጥምቀት ግን የካህን ነው። ሴት አታጠምቅም፤ ያውም ካቶሊክ።»

«ሊሞት ነበር እኮ!»

«ሊሞት ሲል ቄስ ይጠራል። አርባ ሳይሞላውም እናጠምቃለን፤ ለጭንቅ ጊዜ ሥርዓት አለን።»

«ተጠርተዋል! እማማ ውዴ ነፍሳቸው እስኪወጣ ሮጠዋል። እርስዎ የት ነበሩ?»

ቄሱ መስቀላቸውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይጁቤ ገበያ ነበርሁ» አሉ።

«ታዲያ ልጁ እርስዎ ከገበያ እስኪመለሱ ትንፋሹን ይዞ መቆየት ነበረበት?»

እማማ ውዴ «ምነው መምህር፣ ምነው» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ደሜ ፈልቶ ነበር። «ለመሆኑ ይህ አርባ ቀን፣ ሰማንያ ቀን የምትሉት በመጽሐፍ ቅዱስ የት አለ?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ናሆም ትዝ አለኝ። በእኔ ላይ ሲጠየቅ ያንገበገበኝን ጥያቄ እኔው ደገምኩት።

የቄሱ ፊት ግን በራ። «ኩፋሌ ላይ ነዋ! አዳም በአርባ ቀኑ ገነት ገባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ።»

«ኩፋሌ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም።»

«እንግዲያ የእናንተ መጽሐፍ ጎደሎ ነው» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው።

ረቡዕ ዕለት መጽሐፋችን ትርፍ አለበት ተባልኩ፣ ዓርብ ዕለት ጎደሎ ነው ተባልኩ። አንዱ ስድሳ ስድስቱን ይዞ፣ ሌላው ሰማንያ አሐዱን ይዞ፣ ሁሉም ጥቅስ የሚጠይቀው ሌላውን ነው። ራሱ የሚያደርገው ነገር ግን ከአባት ከእናቱ ስለወረሰው ጥቅስ አያስፈልገውም! የቄሱን ማዕተብ የት ተጻፈ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የተሻለ ነገር ትዝ አለኝ።

«በጸሎተ ሃይማኖት ‹በአንዲት ጥምቀት እናምናለን› ትላላችሁ አይደል? እኛም እንላለን።»

«እንላለን።»

«ልጁ ቢተርፍ ኖሮ በአርባ ቀኑ ደግማችሁ ታጠምቁት ነበር?»

«ምንም ሳላቅማማ።»

«አንዲቱ ታዲያ የትኛዋ ናት?»

«የእኛይቱ ናታ፣ መምህር» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት። ያ ፈገግታ እስካሁን ያበግነኛል።

የቀረበልን ወጥ ቀዘቀዘ። እኔ የሮምን ሊቃውንት ስጠራ እሳቸው የዲማን መምህራን ሲጠሩ፣ ማርታ ሁለት ጊዜ እጅጌዬን ሳበችኝ። በመጨረሻ ከጥጉ ድምፅ መጣ። ጥሩወርቅ ናት።

«ልጄ የት ነው ያለው?» አለች። «መጽሐፉን ተዉትና እሱን ንገሩኝ።»

ቄሱ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አሉ።

«ገነት ነው» አልኩ እኔ። «ሌላ የትም አይደለም።»

«ማን ነገርዎ?» አለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያኔ። ተጠምቆ፣ ኃጢአት ሳያውቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት አያሻውም ብላ ታስተምራለች። እኛ ለእሱ አንጸልይም። እሱ ነው ለእኛ የሚለምነው። ቅዱስ ነው ልጅሽ።»

ጥሩወርቅ አየችኝ። ከዚያ እማማ ውዴን አየች፣ ማርታን አየች። «ነገ ከእሱ ዘንድ ይወስዱኛል?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቄስ አያሌው ሲወጡ ከደጃፉ ላይ ቆመው «ማዘናችሁን አልከለክልም። በመቅደስ ስሙን መጥራት ግን አልችልም» አሉ። ልከተላቸው ስል ማርታ ያዘችኝ።

ቅዳሜ

ጓሮው ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ነው። አንዲት ግራዋ ሥር ትንሽ የድንጋይ ክምር አለች፤ ከብት እንዳይረግጣት እሾህ ተደርጎባታል። ከዚያ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ይታያሉ፤ ደወሉም ይሰማል። ሙላት፣ እማማ ውዴ፣ ጥሩወርቅ፣ ማርታና እኔ ቆምን። ሁለት ጎረቤቶች ከሩቅ መጥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ወዲያ ቄስ አያሌው ሲያልፉ አየኋቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነበር። ቆሙ። አልገቡም፤ አልሄዱምም።

ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ሆን ብዬ ነው፣ እንዲሰሙ። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ጀመርኩ። አባታችን ሆይን ሁሉም አብረውኝ አሉ፤ ለዚያስ ጥቅስ የጠየቀ የለም። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞርኩና «ቅዱስ...» አልኩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሙ ነው። አላውቀውም።

ከሆሳዕና እዚያ ድረስ መጥቻለሁ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ተከራክሬበታለሁ። በሰው ቤት ተቀምጬ ወጥ እስኪቀዘቅዝ ጮኼበታለሁ። ማን ውሃውን አፈሰሰ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ቀን ብዬ አንድም ሳላስቀር ተናግሬያለሁ። ወደ ማርታ ዞርኩ። እሷ ታውቀዋለች፣ ያጠመቀችው እሷ ናት፤ ግን አልተናገረችም። ጥሩወርቅን ነበር የምታየው።

«አርባ ቀን ሙሉ» አለች ጥሩወርቅ፣ «የመጣው ሁሉ ማን አጠመቀው ይለኛል። ስሙ ማነው ያለኝ ግን የለም። አባም አላሉኝ፣ እርስዎም አላሉኝ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። በቄሱ ላይ ይዤው የነበረ ንዴት ሁሉ ዞሮ በራሴ ላይ መጣ፣ ቄሱም ከአጥሩ ወዲያ ራሳቸውን ደፍተው ቆመዋል። ሁለታችን አንድ ላይ የተረታንበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

«ማነው ስሙ፣ ልጄ?» አልኳት።

«አለኸኝ» አለች። «እሷ ማን ልበለው ስትለኝ አለኸኝ በይው አልኋት።»

«ቅዱስ አለኸኝ» አልኩ፣ «ለምንልን።»

ማርታ ተቀበለችኝ። ሁለተኛ ስለው ሙላትና እማማ ውዴ ተቀበሉ። በሦስተኛው ጥሩወርቅ ራሷ ስሙን ጠራችው፤ እኛ ተቀበልናት። ቀና ስል ቄስ አያሌው የሉም። በመቅደስ ጠርተውት እንደሆነ እኩለ ቀን ላይ ሙላትን ጠየቅኩት። አልጠሩትም። ይህን ይቅር ልላቸው አልቻልኩም፤ ሞክሬያለሁ።

ቤት ስንገባ ጥሩወርቅ ምጣዱ አጠገብ ቆማ እንቁላል ሰበረች። ረቡዕ ዕለት የተከለከልኩትን ማርታ ነግራት ኖሯል። ፍርፍሩን ከፊቴ አቅርባ እሷም ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝ፣ ከዚያ ለራሷ ቆርሳ በላች። እማማ ውዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከተመለስኩ በኋላ

የመልሱ መንገድ አይወራም፤ ጎማ ፈንድቶ ጎሐ ጽዮን ቆመን ዋልን። የሙላትን ቦቲ ተጫምቼ ነው ቤቴ የገባሁት፤ መልሼ ልልክለት ብል ማርታ «ይቀየማል፣ ተወው» አለችኝ። ያቺ በምጥ ተመልሳ የሄደች ሴት በሰላም ወልዳለች፤ እኅቷ ግን ወደ ማርታ መጥታለች፣ እሷ ብቻ። ሌሎቹ አሁንም ይሸሿታል። ልጄ አገር ልቀይር አላለችም። እኔ ብሆን እል ነበር።

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳንን በየስማቸው እየጠራን የምንለምንበትን ጸሎት የመራሁት እኔ ነኝ። ጴጥሮስን ጠራሁ፣ ጳውሎስን ጠራሁ፣ ሕዝቡ «ለምንልን» እያለ ይቀበላል። «ቅዱስ አለኸኝ» አልኩ። ከልማድ ተቀበሉኝ፤ ጥቂቶቹ ግን ቀና ቀና አሉ።

ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የድሮ ባልንጀራዬ ክንዴን ያዘኝ። «ይሄ አለኸኝ የምትለው ቅዱስ የት ነው የተጻፈው?» አለኝ።

የትም አልተጻፈም ነበር። ይኸው ጻፍኩት።